በዘመሮ ያየናቸው አራት ፊልሞች



የጋዜጣው አዘጋጆች «ሰሞኑን ስላያችኋቸው ፊልሞች አጭር አጭር አስተያየት ጻፉልን» ባሉን መሠረት ይህችን ጽሑፍ አቅርበናል። ብዕራችን አጭር አስተያየት ብቻ ጽፎ አልቆም ስላለ፣ ትንሽ ከረዘመባችሁ ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ለማስተማር ልምምድ ወደ ዘመሮ ስንላክ የያዝነው ጓዝ ብዙ አልነበረም። አራት ዕጩ መምህራን ነበርን፤ ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች። የዕለት ትምህርት ዕቅድ የምንጽፍበት ደብተር፣ ቅያሪ ልብስ፣ አንዳንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ እንዲሁም አራት የአገራችን ፊልሞች ያሉበት ፍላሽ ይዘናል። ብርድ ልብሱ በመጀመሪያው ሌሊት ከዳን። ሁለት ክፍል ያከራዩን እማማ ጠዋት ፊታችንን አይተው ሳቁና ባና አወጡልን። «ያ የያዛችሁት እኮ ለእኛ አገር ነጠላ ነው» አሉን። ፊልሞቹ ግን እስከ መጨረሻው አገለገሉን።

ዘመሮን ለማታውቁ፣ በሰሜን ሸዋ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ በግ የሚረባበት፣ ሴቱ የበግ ጠጉር ፈትሎ ወንዱ ባና የሚሸምንበት አገር። እኛ በሲኒማ ቤትነት የተጠቀምንበት የእማማን ቤት ነው። በመጀመሪያው ምሽት አራታችን ብቻ በራችንን ዘግተን ልናይ አሰብን። የላፕቶፑ ድምፅ ግን ግድግዳ አይከለክለውም፤ መጀመሪያ የእማማ የልጅ ልጆች፣ ከዚያ እማማ ራሳቸው፣ ቀጥሎ ጎረቤት መጣ። ላፕቶፑን በርጩማ ላይ፣ በርጩማውን በሳጥን ላይ አድርገን፣ ቆሎ እየተቆረጠመ ፊልም ማየት ተጀመረ።

እውነቱን ለመናገር፣ ፊልም እንዴት እንደሚገመገም እናውቃለን ባዮች ነበርን። ይዘትና ቅርጽ፣ ጭብጥና ገጸ ባሕርይ እያልን ደብተራችን ላይ ሠንጠረዥ ሁሉ አሥምረናል። ያ ሠንጠረዥ ዛሬም ባዶውን አለ። ለምን ባዶ እንደቀረ ነው የምንነግራችሁ።

1ኛ. «ላምብ»

ትርጉሙ የበግ ግልገል ማለት ነው። ያሬድ ዘለቀ ያዘጋጀው ይህ ፊልም በ2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን ፌስቲቫል የታየ ሲሆን፣ በዚያ ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ታሪኩ ኤፍሬም ስለሚባል፣ እናቱን በድርቅ ዘመን ስላጣ ልጅ ነው። አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ልጁን ከሚወደው በግ ጋር ዘመድ ቤት ይተወዋል። አጎቱ ልጁ እርሻ እንደማይሆንለት፣ ይልቁንም ከማጀት እንደማይጠፋ እያየ ይበሳጫል። ለመጪው በዓልም በጉ እንዲታረድ ይወስናል። ልጁ ደግሞ በጉን ይዞ ወደ አገሩ ለመመለስ ሳምቡሳ እየጠበሰ ይሸጣል። መጨረሻውን አንነግራችሁም።

የእኛ አስተያየት፦ ተራራው፣ ጉሙ፣ አረንጓዴው መስክ ዓይን ይማርካል። አንዳንድ ቦታ እንዲያውም ከመጠን በላይ ይማርካል፤ ለእንግዳ የተዘጋጀ ፖስት ካርድ ይመስላል። የልጁ አተዋወን ግን እንከን የለውም። የእማማ አስተያየት፦ «ይሄ ልጅ ሽንኩርት መክተፍ ያውቅበታል፤ የለመደ እጅ ነው።» የሸማኔው ጎረቤታችን አስተያየት፦ «በጉ የመንዝ አይደለም። በዚህ ጠጉር ባና አይወጣም።»

አጎትየው «ይታረዳል» ያለ ጊዜ ከተመልካቾቹ አንድ ልጅ ብድግ ብሎ ወጣ። አወቅነው፤ በምንለማመድበት ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል ተማሪያችን ነው። ክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ የማያውቅ፣ በየገበያው ቀን የሚቀር ልጅ። በዚያው ሳምንት ከመካከላችን አንዱ ስም ሲጠራ፣ በተማሪዎች ሁሉ ፊት «አንተማ ሰነፍ ነህ፤ ትምህርት አይገባህም» ብሎታል። ሌሎቻችንም ሰምተን ዝም ብለናል። ይህን እንደ ግለ ሂስ ውሰዱልን።

ልንጠራው ስንነሣ እናቱ «ተዉት» አሉን። «ከግልገልነቷ ጀምሮ ያሳደጋት በግ ነበረችው፤ መስከረም ላይ ተሸጠች። ለደብተሩና ለጫማው ነው የሸጥናት። እስካሁን አልወጣለትም።» ከዚያም ከእሳቸው አፍ የገበያውን ቀን ነገር ሰማን። ልጁ የሰው በግ እየነዳ ገበያ ያደርሳል፤ በዚያ የሚያገኛት ትንሽ ብር ለቤቱ ጨው ናት፣ ጋዝ ናት። እኛ ስንፍና ያልነው ሥራ ነበር። ደብተሩን የሚገዛው ራሱ ነበር ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ በዚያው ደብተር ላይ በቀይ እስክርቢቶ ስንጽፍበት ከርመናል።

በማግስቱ ምን አደረጋችሁ ትሉን ይሆናል። ትልቅ ነገር አላደረግንም። የክፍሉን መምህር አማክረን፣ በገበያ ቀን ያመለጠውን ሒሳብ በማግስቱ ጠዋት ከደወል በፊት እናስተምረው ጀመር። ሰደበው ያልነው ጓደኛችን ራሱ ነው ቀድሞ የሚመጣው። አንድ ቀን የማባዛት ጥያቄ በበግ ዋጋ አድርጎ ቢሰጠው፣ ልጁ በጣቱም ሳይቆጥር መለሰና «ግን ጋሼ፣ በዚህ ዋጋ ጠቦት እንጂ ሙክት አይገኝም» አለው። ልጁ አንደኛ ወጣ አንላችሁም። በገበያ ቀን መቅረቱንም አልተወም። ክፍል ውስጥ ግን እጁን ማውጣት ጀምሯል።

2ኛ. «ድፍረት»

ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው ይህ ፊልም በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካው ሰንዳንስና በጀርመኑ የበርሊን ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። የስሙ አመራረጥ ብቻውን አንድ ትምህርት ነው፤ በቋንቋችን ድፍረት ጀግንነትም ነው፣ የሴት ልጅ መደፈርም ነው። ሂሩት የምትባል የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች። ሊያገባት የጠለፋትን ሰው በገዛ ጠመንጃው ገድላ ትያዛለች። አንዲት ጠበቃ ነገሯን ይዛ ትሟገትላታለች።

ታሪኩ የተነሣው በ1980ዎቹ መጨረሻ በእርግጥ ከደረሰ ጉዳይ ነው። የጠበቃዋ ምሳሌ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ካቋቋሙት አንዷ የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ እሳቸውም በኋላ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ነበሩ። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበር። ያ ቀዳዳ የተደፈነው በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው።

ታዲያ ፊልሙ መካከል ላይ፣ ልጅቷ ልትፈረድ ነው ወይስ ልትለቀቅ ነው ስንል መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ደግሞ ሽምግልና ተጭኖታልና አብሮ ጠፋ። መብራት የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። እነዚያ ሁለት ቀናት ከፊልሙ ራሱ የበለጡ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ችሎት ሆነ። በውኃ መቅጃው፣ በወፍጮ ቤቱ፣ «ምን ይፈረድባት?» ሆነ ነገሩ። አንድ ሽማግሌ «ነፍስ ነፍስ ነው፤ ካሣ ከፍላ ትታረቅ» አሉ። ሸማኔው «ገዳይ ማለት መጀመሪያ ጠመንጃ ይዞ የመጣው ነው» አለ። የሰባተኛ ክፍል ሴት ተማሪዎች ለብቻቸው ተሰብስበው ሲከራከሩ ደረስንባቸው። ከእነሱ አንዷ «ቲቸር፣ እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነው የተያዘችው፤ መንገዱን ማን ይጠብቅ ነበር?» ብላ ጠየቀችን። ለዚህ ጥያቄ ዝግጁ አልነበርንም።

እማማ ሁለቱንም ቀን ምንም አልተናገሩም። በሁለተኛው ማታ፣ ኩበቱን እየቆሰቆሱ፣ «እኔን ማንም አልጠለፈኝም» አሉ። «በወግ በማዕረግ ነው የዳሩኝ። ዕድሜዬን ግን አላውቀውም፤ ጡት አላወጣሁም ነበር። የጠለፈኝ የለም፤ የጠየቀኝም የለም።» ከዚያ ሌላ ወሬ ጀመሩ። መብራት መጥቶ ልጅቷ ነፃ ስትወጣ እልል ያሉት ሌሎች ናቸው፤ እማማ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ተቀመጡ።

የእኛ አስተያየት፦ ፊልሙ በአንዳንድ ቦታ ከመጠን በላይ ያስረዳል፤ ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩት ለባዕድ ሰው እንደሚያብራሩ ሆነው ነው። በትምህርት መርጃነቱ ግን ወደር የለውም። የምትመደቡበት ትምህርት ቤት ካሳያችሁት፣ አንድ ምክር እንስጣችሁ፦ ፍርዱ ሊሰጥ ሲል አቁሙትና ተማሪዎቹ ይፍረዱ። እኛን ያስተማረን የመብራቱ መጥፋት ነው።

3ኛ. «አትሌቱ»

በ2001 ዓ.ም. ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራ ፊልም ነው። አዘጋጆቹ ራሰላስ ላቀውና ዴቪ ፍራንክል ሲሆኑ፣ አበበን ሆኖ የሚተውነው ራሱ ራሰላስ ነው። ለዚህ አገር ሰው አበበ ሩቅ አይደለም፤ የተወለደው በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል ቦታ ነውና የሰሜን ሸዋ ልጅ ነው። በጳጉሜን 1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በጥቅምት 1957 ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን ከታከመ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ሮጦ ማራቶንን ማሸነፉን ሁላችን እናውቃለን። ፊልሙ ግን ይበልጥ የሚያተኩረው ከዚያ በኋላ ባለው ነው። በመጋቢት 1961 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከማይታዘዙለት በኋላ በእንግሊዝ አገር ሲታከም፣ ቀስት ሲወረውር፣ በኖርዌይ በረዶ ላይ ሲወዳደር ያሳየናል። ያረፈው በጥቅምት 1966 ነው።

ፊልሙ ረጋ ይላል፤ ጥቂት ሰዎች እንቅልፍ ወስዷቸዋል። የድሮው እውነተኛ የሩጫ ምስል ሲመጣ ግን ሁሉም ነቃ። አንድ የቀድሞ ወታደር የነበሩ አባት፣ አበበ ሮም ላይ ሲገባ አልተናገሩም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ሲስቅ ጊዜ ነው «እዚህ ላይ ነው ጀግናው» ያሉት። ከዚህ የተሻለ ሂስ እኛ አልጻፍንም።

በማግስቱ ጠዋት የሆነውን ብንነግራችሁ ትስቃላችሁ። በዚያ አመዳይ፣ ስምንት ያህል ልጆች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በባዶ እግራቸው እየሮጡ ትምህርት ቤት ደረሱ። ርዕሰ መምህሩ «ምን ነካችሁ?» ሲሉ ሁሉም ወደ እኛ ጠቆሙ።

4ኛ. «ጤዛ»

ይህን መጨረሻ ላይ ያስቀመጥነው እኛን ራሳችንን ስላጣላን ነው። ኃይሌ ገሪማ ያዘጋጀው «ጤዛ» በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጣሊያን አገር በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰትን ሽልማት፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በቡርኪና ፋሶ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ወስዷል። አንበርብር የሚባል ሐኪም ጀርመን አገር ተምሮ፣ በአብዮቱ ዘመን አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ አይቶ፣ በመጨረሻ አካሉም መንፈሱም ተጎድቶ በጣና አጠገብ ወደምትገኝ የትውልድ መንደሩ ይመለሳል። ዘመኑ 1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። መንደሩ ውስጥ ወጣቶች ለጦርነት እንዳይታፈሱ በዋሻ ይደበቃሉ። እናቱ ልጄ መጣ ብለው ይደሰታሉ፤ ልጅየው ግን የሌሊት ቅዠት አያስተኛውም።

ፊልሙ ከባድ ነው። ጊዜው ወደ ፊትም ወደ ኋላም ስለሚሄድ ጎረቤቶቻችን «አሁን የት ነው ያለው?» እያሉ ይጠይቁን ነበር፤ እኛም አንዳንዴ አናውቀውም። የእናትየው ዝምታ ግን ለማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም።

መጨረሻ ላይ አንበርብር የመንደሩን ልጆች ማስተማር ይጀምራል። ፊልሙ ሲያልቅ ከመካከላችን አንዷ፣ ከልቧ አዝና፣ «ምስኪን! ያን ሁሉ ተምሮ መጨረሻው ይሄ ሆነ? የገጠር አስተማሪ ሆኖ ቀረ» አለች። ሌሎቻችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እንዲያውም አንዱ «የውድቀት ምልክት ነው» ብሎ በዚያ ሠንጠረዥ ላይ ሊጽፍ እስክርቢቶ አወጣ።

ከኋላችን፣ ከበሩ አጠገብ፣ የምንለማመድበት ክፍል መምህር ተቀምጠው ነበር። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምረዋል፤ አብዛኛውን እዚያው መንዝ ውስጥ። ተነሡና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ። «በመጨረሻ ሥራ አገኘ ብዬ።» ደህና እደሩ ብለው ሄዱ።

ያን ሌሊት በባናው ውስጥ ሆነን ብዙ አወራን። ተናጋሪዋ ጓደኛችን አለቀሰች። «እሳቸውን ማለቴ እኮ አይደለም» ትላለች ደጋግማ። ግን ማንን ማለቷ ነው? ማንን ማለታችን ነው? የገጠር አስተማሪነት ውድቀት ከሆነ፣ እኛ በገዛ እግራችን ወደ ውድቀት ልንሠለጥን የገባን ሰዎች ነን ማለት ነው። እውነቱን ከተናገርን፣ ከአራታችን ሦስታችን ወደዚህ ተቋም የገባነው ሌላ በር ስለተዘጋብን ነው። ይህንንም እስከዚያ ሌሊት እርስ በርሳችን ተነጋግረነው አናውቅም ነበር። አንዱ ከተማ እስኪመደብ ብቻ እንደሚያስተምር፣ አንዷ የሌላ ሙያ ትምህርት በማታ ለመማር እንዳሰበች ያን ሌሊት ነው የተናገረው። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ የሰው ልጅ ያሻሻለ ኑሮ ይፈልጋል፣ የመምህር ደመወዝም የታወቀ ነው። የሚያሳፍረው፣ ገና ሳንገባበት ንቀነው፣ የናቅነውን ለልጆች ልንሰጥ ማሰባችን ነው። ያንን «ሰነፍ ነህ» የተባለውን ልጅ ያስታወስነውም ያኔ ነው። ሥራውን የናቀ ሰው ተማሪውን ለመናቅ ሩቅ አይሄድም።

ጠዋት ጓደኛችን መምህሩ ዘንድ ቀድማ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች። «ምን በድለሽኝ?» አሉ። «አንቺ እኮ ያልሽው ሰው ሁሉ የሚለውን ነው። ይልቅ ዛሬ የሦስተኛ ክፍሎችን ንባብ አንቺ ያዢልኝ፣ ጉሮሮዬን አሞኛል።» ያዘችላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮም ልምምዳችን እስኪያልቅ ንባቡ የእሷ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ጠቅለል አድርገን አስተያየታችንን እንስጥ። አራቱንም ፊልሞች እንድታዩ እንመክራለን። ለሳቅ የተሠሩትን የአዲስ አበባ የፍቅር ፊልሞችና በአማርኛ ድምፅ የሚቀርቡትን የቱርክ ተከታታዮች አትዩ አላልንም፤ እኛም እናያለን፣ እማማም አንድ ክፍል አያመልጣቸውም። ነገር ግን ነገ የምንመደበው ለገበያ በግ ወደሚነዳ ልጅ፣ ከትምህርት ቤት በረጅም መንገድ ብቻዋን ወደምትመለስ ልጅ ዘንድ ነው። እነሱን የሚያሳየን ፊልም ሲገኝ ለብቻ በር ዘግቶ ማየት ኪሳራ ነው። ከአገሬው ጋር እዩት፤ ሲናገሩ ደግሞ አታቋርጧቸው። እኛ ሠንጠረዥ ይዘን ያላየነውን እነሱ ኩበት እየቆሰቆሱ አይተውታል።

ስንሰናበት ፍላሹን ለመምህሩ ተውንላቸው። እማማ ደግሞ አንዱን ባና ጠቅልለው ሰጡንና «ሌላ ጊዜ ስትመጡ ስለ መንዝ የተሠራ ይዛችሁ ኑ» አሉን። «እንፈልጋለን» አልናቸው። እናንተ የምታውቁት ካለ በዚሁ ግድግዳ ላይ ጻፉልን። ባናው በመኝታ ክፍላችን አለ፤ የበረደው ይምጣ።